የኤልምዴል ባል ጠሪዎች

ኤርና ፊሸር በሩን ሳታንኳኳ ስትገባ ወጥ ቤት ውስጥ የነበረው ወሬ ሁሉ ቀጥ አለ።

በፎጣ የተጠቀለለ ትልቅ ሳህን በሁለት እጇ ይዛለች። ከኋላዋ ባሏ አልቪን ኮፍያውን ደረቱ ላይ አጣብቆ፣ መግባትም መመለስም ያቃተው መስሎ የበሩ ደፍ ላይ ቆሟል። ጠረጴዛውን ከበው ቡና የሚጠጡት የዶብራ ሴቶች ተያዩ።

"እሷ ናት?" አለች አንዷ በሹክሹክታ።

"ራሷ ናት።"

"እዚህ ቤት ምን እግር ጣላት?"

ቢደነቁ አይፈረድባቸውም። ኤርና የምትኖረው ከዶብራ ስልሳ ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው ኤልምዴል ነው። ኤልምዴል በየዓመቱ ሐምሌ ላይ የበጋ በዓል ታደርጋለች፤ የበዓሉ ዋና ነገር ደግሞ ባል የመጥራት ውድድር ነው። ባሎች ከቤዝቦሉ ሜዳ ማዶ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቆማሉ፤ ሚስቶች ከወዲህ ማዶ በየተራ ይጣራሉ። ዳኞች የድምፁን ርቀት፣ የጥሪውን ለዛና የባልየውን አሯሯጥ አይተው ይፈርዳሉ። ኤርና በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አሥራ ሁለት ጊዜ አሸንፋለች። የዚህ ቤት እመቤት ኔቲ ኮስቲንዩክ አራት ጊዜ አሸንፋለች፤ ሁለተኛ የወጣችበትን ግን መቁጠር ትታለች። ሁለቱ ሴቶች በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከሜዳው ውጭ ተገናኝተው አያውቁም።

ኔቲ ከወንበሯ ተነሳች። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አጭር፣ ደረቷ ሰፊ፣ ስትናገር ድምፅዋ ለስለስ ያለ ሴት ናት። ከዚያ አካል ያ ሁሉ ጩኸት እንዴት እንደሚወጣ ሁልጊዜ ያስገርመን ነበር።

"ሰማን፣" አለች ኤርና። ሳህኑን እንደያዘች ልታቅፋት ሞከረች፤ አልሆነላትም። አስቀምጣው አቀፈቻት።

"ምንድን ነው ያመጣሽው?"

"ድንች። በምድጃ የበሰለ። ጨው ጨምሬበታለሁ። ዳኒሎ አምና ‘የአንቺ ድንች ጨው ከሩቅ ነው የሚያየው’ ብሎኛል።"

"የእኔንም እንደዚሁ ነው የሚለው፣" አለችና ኔቲ ሳቀች። ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። ሴቶቹ ሲኒያቸውን አዩ።

የኔቲ ባል ዳኒሎ የሞተው ሰኞ ጠዋት ነው። የፊት ለፊቱ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያስር ነበር። ቅዳሜ ወደ ኤልምዴል ስለሚሄዱ የመኪናውን ዘይት ሊያስቀይር ነበር የተነሳው። ኔቲ መኪናው ሲነሳ ባትሰማ ጊዜ ወጥታ አየችው፤ አንዱን ጫማ አስሮ ሌላውን ሳያስር፣ ራሱን የበሩ መቃን ላይ አስደግፎ፣ ፊቱን ወደ ስንዴው አዙሮ። ሰባ ስድስት ዓመቱ ነበር። ሐኪሙ ልቡ ድንገት እንደቆመች ነገራቸው።

"ቀብሩ ሐሙስ ነው አሉ፣" አለች ኤርና ቡና እየተቀዳላት።

"ሐሙስ።"

"በዓሉ ቅዳሜ ነው።"

ቡናውን የምትቀዳው የኔቲ ልጅ ዳርሊን እጇን ገታች። አርባ አራት ዓመቷ ነው፤ ካልጋሪ ከተማ ቢሮ ትሠራለች፤ ሌሊቱን ሙሉ ነድታ ነበር የመጣችው። "ምን አሉ፣ ወይዘሮ ፊሸር?"

"እናትሽ ቅዳሜ ትመጣ እንደሆነ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ተመዝግባለች። ዳኒሎ ራሱ ባለፈው ወር መጥቶ አስመዝግቧታል። ስልክ እያለ ለዚህ ብሎ ስልሳ ኪሎ ሜትር መንዳቱ!"

"አባቴ'ኮ ገና አልተቀበረም!"

"ዳርሊን፣" አለች ኔቲ በቀስታ። ከዚያ ወደ ኤርና ዞረች። "እህቴ፣ ባሌ ሞቷል። ሄጄ ማንን ልጥራ?"

ኤርና አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ጥያቄው እውነት ጥያቄ መሆኑ ገና ያን ጊዜ ነው የገባት።

"እሱን አላሰብኩበትም፣" አለች። "እኔ ያሰብኩት ያለ አንቺ ባሸንፍ ምን ይጥማል የሚለውን ብቻ ነው።"

ደፉ ላይ የቆመው አልቪን ጉሮሮውን ጠረገ። አንድ ነገር ሊናገር መስሎ ነበር። ግን አልቪን ነውና አልተናገረም።

*

ዳኒሎን ዶብራ ውስጥ ሁሉም ያውቀዋል። ከበረዶው በፊት ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ የሚያስታውሱ ግን ብዙ አይደሉም።

ከበረዶው በፊት ዳኒሎ ከእርሻው ወጥቶ አያውቅም ነበር። የሩቅ አገሩ የእህል ጎተራው ነበር። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ሳለ እንኳ ዓይኑ በመስኮቱ አሻግሮ ደመና ይቆጥራል። ኔቲ አንድ ጊዜ ሐይቅ ዳር ሁለት ቀን እንረፍ ብላው፣ "ሐይቁ የትም አይሄድም፤ እህሉ ግን ይረግፋል" አላት። ክፉ ሰው አልነበረም። ሥራ ብቻ ነበር።

ከዚያ ዳርሊን የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በነበረችበት በነሐሴ መጀመሪያ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ በረዶ ወረደ። ሃያ ደቂቃ ነው የፈጀው። ስንዴው ወገብ ደርሶ፣ ለአጨዳ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። በረዶው ሲያቆም መሬቱ የተላጨ ራስ መሰለ። ዳኒሎ የላስቲክ ቦቲውን አጥልቆ ወጣና እርሻው ዳር ቆመ። ኔቲ በመስኮት ታየዋለች። አልተቀመጠም፤ አልጮኸም፤ ቆመ። ለረጅም ጊዜ ቆመ። እሷ ራሱን እንዳይጎዳ ፈርታ፣ የጠመንጃውን ሣጥን ቁልፍ የት እንዳስቀመጡት ለማስታወስ ትሞክር ነበር።

ተመልሶ ገባ፤ እጁን ታጠበ።

"ኔቲ፣ የሚታጨድ የለም።"

"አይቻለሁ።"

"አንድም።"

"አይቻለሁ፣ ዳኒሎ። ተቀመጥ።"

አልተቀመጠም። እጁን በፎጣ እያደራረቀ ቆየና፣ "ነሐሴ ላይ ሥራ ፈትቼ አላውቅም፣" አለ። ድምፁ እንግዳ ነበር፤ የሚያለቅስ መስሏት ልትነሳ ስትል፣ "ሰዎች የሚያወሩለትን ትልቁን ዝይ አይተሽው ታውቂያለሽ?" አላት።

"የቱን ዝይ?"

"በሰሜን በኩል አለ የሚሉትን። ከሲሚንቶ የተሠራውን። ፎቅ ያክላል ይላሉ።"

"አላየሁትም።"

"እኔም አላየሁትም። ኮትሽን ልበሽ።"

ዳርሊን አልሄድም አለች። እህላቸው በወደመ ማግስት ዝይ ሊያዩ ሲሄዱ ሰው ምን ይላል ብላ አክስቷ ቤት ቀረች። እነሱ ግን ሄዱ። ዝይዋ በእርግጥም ፎቅ ታክል ነበር፤ አንገቷ ትንሽ የተጣመመ፣ ዓይኗ ያላግባብ የተቀባ። ዳኒሎ ከሥሯ ቆሞ ወደ ላይ አየ። አየና መሳቅ ጀመረ። እስኪያነባ፣ እስኪያጎነብስ፣ ኔቲን ይዞ እስኪደገፍ ድረስ ሳቀ። እሷም ሳቀች። "እዚያች ዝይ ሥር ነው እንደገና ያገባሁት" ትል ነበር በኋላ።

ከዚያ ወዲህ በየበጋው ቅዳሜ ቅዳሜ መንገድ ነበር። ከዋናው አስፋልት ላይ አይነዳም፤ "እሱ ለሚቸኩል ሰው የተሠራ ነው" ይላል። በኮረኮንቹ፣ አቧራውን አስነስቶ፣ መስኮቱን ከፍቶ። በስንዴና በሰናፍጭ እርሻ መሀል፣ መቶ ሰው የማይኖርባት ከተማ ሁሉ የሆነ ነገር አላት፦ አንዷ መኪና የሚያክል የቢንቢ ሐውልት አቁማለች፤ አንዷ ትልቅ የቀይ ሥር ሐውልት ሠርታለች፤ አንዷ የእንቁራሪት ዝላይ፣ ሌላዋ የሣር ማጨጃ እሽቅድምድም ታደርጋለች። ዳኒሎ ከመኪናው እንደወረደ ያገኘውን የመጀመሪያ ሰው፣ "እዚህ ከተማ የምትኮሩበት ነገር ምንድን ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ነዳጅ ቀጂው፣ ባለሱቋ፣ አጥር ላይ የተደገፈው ሽማግሌ፣ ሁሉም መጀመሪያ "ኧረ እዚህ ምንም የለም" ይላሉ። እሱ ግን ዓይኑን ተክሎ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ከዚያ ይነግሩታል። አንዳንዴ አንድ ሰዓት ሙሉ ይነግሩታል።

በእነዚያ መንገዶች ነው አንድ ሐምሌ ኤልምዴል የደረሱት። ዳኒሎ ኔቲን ሳያማክራት አስመዘገባት። "ከጎተራ እስከ እርሻ ለምሳ ስትጠሪኝ የኖርሽ ሴት ነሽ፤ ምን አዲስ ነገር አለው?" አላት። ያን ቀን ሁለተኛ ወጣች። ያሸነፈቻትና ጥርሷን እያሳየች እጇን የጨበጠቻት ሴት ኤርና ነበረች።

*

ሐሙስ ከቀብር በኋላ ሰው ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ለምሳ ገባ። የዶብራ ሴቶች ሁለት ቀን ሙሉ ድንች የታሸገበት ሊጥና የጎመን ጥቅል ሲሠሩ ሰንብተዋል። በትልቁ ማፍያ ቡናው ይንተከተካል። ቦታ ጠበበ፤ ማንም የማያውቃቸው ሰዎች መጥተው ነበርና። አንዱ ዝይዋን በየሦስት ዓመቱ ቀለም የሚቀባት ሰው ነበር። ዳኒሎ ሦስት ጊዜ መሰላል ይዞለታል፤ ዓይኗን ያስተካከሉት አብረው ነው። ሌላዋ የቢንቢው ከተማ ባለሱቅ ናት። እያንዳንዱ ተነስቶ ስለ ዳኒሎ የሆነ ነገር ይናገራል፤ አዳራሹ ይስቃል፤ ኔቲ መሀረቧን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች፤ ታለቅሳለች፤ እንደገና ትስቃለች። ዳርሊን ከአጠገቧ ተቀምጣ ትሰማለች። ይህ ሁሉ ሰው የሚያወራለትን አባት እሷ የምታውቀው አይመስላትም።

ከዚያ አልቪን ፊሸር ተነሳ።

ኤርና ሹካዋን ጣለች። "ምን ሆንክ? አመመህ?"

አልቪን በሰው ፊት ሲናገር ያየ የለም። ኮፍያውን በእጁ እያዟዟረ ቆየ።

"እኔ አንድ ምስጢር ይዣለሁ፣" አለ። "ዳኒሎ ለማንም እንዳትናገር ብሎኛል። አሁን ግን የሚቆጣኝ አይመስለኝም።"

ሰው ሳቀ። አልቪን አልሳቀም።

"ላለፉት ስድስት ዓመታት ዳኒሎ ከሜዳው ማዶ ሆኖ የኔቲን ጥሪ አይሰማም ነበር። ጆሮው ሄዶ ነበር። እኔ አጠገቡ ነው የምቆመው። ኔቲ ስትጣራ በክርኔ ጎሸም አደርገዋለሁ። ያኔ ይሮጣል።" ትንሽ አሰበና፣ "ይኸው ነው" ብሎ ተቀመጠ።

 የቡናው ማፍያ ብቻ ነበር የሚሰማው።

"አልቪን!" አለች ኤርና። "የዛሬ አራት ዓመት ኔቲ ያሸነፈችኝ በአንተ ክርን ነው ማለት ነው?"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። የቤተ ክርስቲያኑ ቄስ አባ ሮማን ቡናቸው ትን ብሏቸው ሰዎች ጀርባቸውን ይመቷቸው ጀመር። ኔቲም ከሰው ጋር ሳቀች። ዳርሊን ግን የእናቷን እጅ ይዛ ነበርና፣ እጇ መቀዝቀዙን እሷ ብቻ አወቀች።

*

ዓርብ ጠዋት ኔቲ የሰው ሳህን ታጥባለች። እያንዳንዱ ሳህን ሥር የባለቤቱ ስም የተጻፈበት ፕላስተር ተለጥፏል። አንዱን አንስታ ፈተገች፤ ፈትጋ ፈትጋ ስሙን አጠፋችው።

"እማ፣ ተይው፤ እኔ አጥባለሁ።"

"ስድስት ዓመት!" አለች ኔቲ። "በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ ከበረቱ ኋላ ሄጄ እለማመድ ነበር። ላሞቹ እስኪደነብሩ። ጉሮሮዬ እንዳይደርቅ ማር በውሃ እየጠጣሁ። ለማን ነበር የምጮኸው? ለአልቪን ፊሸር!"

"አላወቅሽም ነበር?"

"መስማት እንደቀነሰ አውቃለሁ። የትኛው ባል ይሰማል? ‘ቆሻሻውን አውጣ’ ስለው ዝም ይላል፤ ‘ራት ቀርቧል’ ስለው ይመጣል። እንደ ባል ሁሉ መስሎኛል። የጆሮ መሣሪያ ግዛ ስለው ‘ለሽማግሌ ነው’ ይለኛል። ሳናግረው አፌን አፌን ያየኝ ነበር፤ ዓይኑን ሳይነቅል።" ሳህኑን አስቀመጠች። "እኔ ሞኝ፣ ፍቅር መስሎኝ!"

"እና አልነበረም?"

ኔቲ ሌላ ሳህን አነሳች። ዞራ ስታያት ዳርሊን ወንበር ስባ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ተለዋውጧል።

"ምን ሆንሽ?"

"ስልክ፣" አለች ዳርሊን። "እሑድ እሑድ ስደውል እሱ ካነሳው፣ ‘እናትሽ እዚህ ናት’ ብሎ ወዲያው ስልኩን ለአንቺ ይሰጣል። ገና ‘አባ’ ከማለቴ። ስድስት፣ ሰባት ዓመት። ካልጋሪ ስለቀረሁ የተቀየመኝ መስሎኝ ነበር፣ እማ። አንድ ቀን ልጠይቀው እያልኩ... ሊያናግረኝ የማይፈልግ መስሎኝ ነበር።"

ኔቲ እጇን ሳታደርቅ መጥታ የልጇን ራስ ሆዷ ላይ አስጠጋች። "ስልኩን ከሰጠኝ በኋላ የትም አይሄድም ነበር'ኮ። ከፊቴ ቁጭ ብሎ አፌን ያያል። ከዘጋሁት በኋላ ‘ምን አለች? ደህና ናት? አለቃዋ አሁንም ያናድዳታል?’ እያለ አንድ በአንድ ያስደግመኛል። ‘ራስህ ለምን አትጠይቃትም?’ ስለው..." ቆመች። "አንተ ኩሩ ሽማግሌ!" አለች ወደ ጣሪያው። "አንተ ደረቅ!"

ሁለቱም አለቀሱ፤ ከዚያ ዳርሊን የእናቷ ሳሙና ጆሮዋ ውስጥ ገብቶ ኖሮ መሳቅ ጀመረች።

ኔቲ እጇን አደረቀችና ስልኩን አነሳች።

"ሄሎ?" አለች ኤርና።

"ኔቲ ነኝ። አልቪንን አገናኚኝ።"

"ደግሞ ምን አደረገ?"

"ምንም። አንድ ነገር ልጠይቀው ነው።"

ከብዙ መንኮሻኮሽ በኋላ የአልቪን ድምፅ መጣ። "ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ኔቲ። መናገር አልነበረብኝም።"

"እሱን ተወው። አንድ ነገር ንገረኝ። ጎሸም ስታደርገው ምን ያደርግ ነበር?"

 አልቪን ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ኔቲ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጠበቀችው። "ወዲያው አይሮጥም ነበር። መጀመሪያ ‘እንዴት ነበር?’ ይለኛል። እኔ እነግረዋለሁ። ‘ዛሬ ከአምናው ይበልጣል’ እለዋለሁ። ወይ ‘ጫፉ ላይ ትንሽ ተሰበረ፤ ግን ያምራል’ እለዋለሁ። ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚሰማኝ። እኔን ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሰምቶኝ አያውቅም፤ ስለዚህ በደንብ አድርጌ ነበር የምነግረው። አንድ ዓመት ‘የዱር ዳክዬዎች ተነሱ’ አልኩት፤ እውነት ተነስተው ነበር። ከዚያ ይስቃል። ከዚያ ነው የሚሮጠው።"

ኔቲ ስልኩን እንደያዘች ወንበር ላይ ተቀመጠች።

"ኔቲ? አለሽ?"

"አለሁ።"

"እውነት ለመናገር፣" አለ አልቪን በጣም ቀስ ብሎ፣ "ከሁሉም የአንቺ ይሻላል። ለኤርና እንዳትነግሪያት።"

ስልኩን ስትዘጋ ዳርሊን ቀና ብላ አየቻት። የእናቷ ጉንጭ ቀልቷል፤ በሰባ ሁለት ዓመቷ ገና የተመሰገነች ልጅ መስላለች።

"የመኪናውን ዘይት ማን ሊቀይርልን ይችላል?" አለች ኔቲ።

"እማ። አይሆንም።"

"ስንት ሰዓት ላይ ይዘጋሉ?"

"እማ፣ ትናንት ነው የቀበርነው! ሰው ምን ይላል?"

በዚህ መሀል አባ ሮማን ባዶ ሳህናቸውን ሊወስዱ መጡ። ዳርሊን ገና ከበሩ ያዘቻቸው። "አባ፣ እርስዎ ይንገሯት። ኤልምዴል ሄጄ ልጩህ ትላለች!"

አባ ሮማን ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ጢማቸውን አሻሹ። "ቤተ ክርስቲያን አርባ ቀን ጸልዩለት ትላለች፣" አሉ። "አርባ ቀን ዝም በሉለት ስትል ግን አላነበብኩም።" ሳህናቸውን ብብታቸው ሥር ሸጎጡና ደረጃውን ሲወርዱ ዞሩ። "የኤልምዴል ሴቶች የቤሪ ፍሬ ኬክ ይሠራሉ አይደል? ከተረፈ ለእኔም አንድ ቁራጭ።"

*

ቅዳሜ ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ጥርት ያለ ነበር። ዳርሊን በኮረኮንቹ ነዳች። ኔቲ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ ከጎኗ ተቀምጣለች፤ ማር በውሃ በጥብጣ በጠርሙስ ይዛለች። ኤልምዴል ሲደርሱ የትራክተሮቹ ሰልፍ አልፎ ልጆች አቧራ ላይ የተበተነ ከረሜላ ይለቅማሉ። አንዲት የአሳማ ግልገል ከአሳማ ማሳደድ ውድድሩ አምልጣ ከንቲባው እግር ሥር ገብታ ጥላዋለች። ዳርሊን ባልጠበቀችው ሁኔታ ጮክ ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ዘወር ብላ ያየችው የመጀመሪያ ሰው፣ ሎሚ የምትሸጥ አንዲት አሮጊት፣ "ከየት ናችሁ?" ስትላት፣ "ከዶብራ" አለችና ትንሽ አመንትታ፣ "እዚህ ከተማ የምትኮሩበት ነገር ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀቻት።

"ኧረ እዚህ ምንም የለም፣" አለች አሮጊቷ።

ዳርሊን ዝም ብላ ጠበቀች።

ስምንት ሰዓት ላይ ሰው ወደ ቤዝቦሉ ሜዳ ጎረፈ። የውድድሩን ውጤት አስቀድሜ ልንገራችሁና ይውጣልን፦ ያሸነፈችው ኤርና ናት፤ አሥራ ሦስተኛዋ ነው። ዋንጫውንም በደስታ ነው የተቀበለችው። "አዘንኩልሽ ብዬ የምለቅልሽ እንዳይመስልሽ" አለቻት ኔቲን፣ ኔቲም "ብትለቂልኝ ተቀይሜሽ ነበር" አለቻት። ሁለቱ ከዚያ ወዲህ በየሐሙሱ ይደዋወላሉ። ግን ኤልምዴል እስከ ዛሬ የምታወራው ስለ አሸናፊዋ አይደለም።

ከወዲህ ማዶ ትልቅ የድርቆሽ እስር ቆሟል፤ ሴቶቹ እሱ ላይ ወጥተው ነው የሚጣሩት። ከወዲያ ማዶ፣ ሁለት መቶ እርምጃ ርቀው፣ ሰባት ባሎች ጀርባቸውን ሰጥተው ከስንዴው ጠርዝ ተደርድረዋል። አልቪን ከዳር ሁለተኛ ነው የቆመው። ከእሱ ወዲያ የአንድ ሰው ቦታ ባዶ ትተዋል። ማንም ባዶ ተዉት አላላቸውም ነበር።

ኤርና ተጣራች፤ አልቪን እየተንገዳገደ ሮጦ መጣ፤ እጇን ይዞ ከድርቆሹ አወረዳትና ተመልሶ ሄደ። ሌሎቹም ተጣሩ። እያንዳንዱ ባል እየሮጠ መጥቶ ሚስቱን አወረደና ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዚያ አስተዋዋቂው ወረቀቱን አየና ድምፅ ማጉያውን ከአፉ አራቀ። ወደ ኔቲ ጎንበስ አለ።

"ወይዘሮ ኮስቲንዩክ፣ ካልፈለጉ'ኮ..."

"ጥራኝ፣" አለች ኔቲ። "እንደ ሁልጊዜው።"

"ኔቲ ኮስቲንዩክ፣ ከዶብራ!" አለ አስተዋዋቂው። "የምትጠራው... ዳኒሎን!"

ሰው ባርኔጣውን አወለቀ። ኔቲ ዳርሊንን ተደግፋ ድርቆሹ ላይ ወጣች። ቀሚሷን አስተካከለች፤ እጆቿን አፏ ዙሪያ አደረገች።

የመጀመሪያው ጥሪ አልወጣም። እንደ ልጅ ቀጭን ሆኖ፣ ግማሽ ስሙ ላይ ተሰበረ። ሰው ወደ መሬት አየ። ኤርና ከወገቧ ጎንበስ ብላ፣ "ከሆድሽ!" አለች ጥርሷን ነክሳ። "ከሆድሽ አውጪው፣ አንቺ ሴት!"

ኔቲ ዓይኗን ጨፈነች። ተነፈሰች።

"ዳኒ-ሎ-ኦ-ኦ-ኦ!"

ሜዳውን አለፈ። ባሎቹን አለፈ። ስንዴው ላይ ሄደ፤ ሄደ፤ የሚያቆመው ተራራ በእኛ አገር የለም። ከኩሬው ዳክዬዎች በአንድ ላይ ተነሱ። ኔቲ ዓይኗን ስትከፍት፣ ሩቅ፣ ጀርባውን የሰጠው አልቪን ክርኑን ወደ ባዶው ቦታ ጎሸም ሲያደርግ አየችው። ሳያስበው ነበር፤ ወዲያው ክርኑን ሰበሰበና አንገቱን ደፋ።

ማንም አላጨበጨበም።  ኔቲ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ማዶ ማዶውን እያየች ቆመች። ዳርሊን ልታወርዳት እጇን ዘረጋች፤ ኤርናም ከዚያኛው ወገን ተጠጋች።

"ቆዩ፣" አለች ኔቲ። "ጉልበቱን ያመዋል፤ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው።"

ቆዩ። አንድ ሰው ሁለት መቶ እርምጃ ቀስ ብሎ የሚራመድበትን ያህል ሁሉም ቆየ። ነፋሱ ስንዴውን አስተኛው፤ አነሳው።

ከዚያ ኔቲ ድርቆሹ ላይ ተቀመጠች። እግሮቿን ወደ ታች ለቀቀችና በመቀመጫዋ እየተንሸራተተች፣ ጥቁር ቀሚሷ ጉልበቷ ላይ ተሰብስቦ፣ ድርቆሹን እያራገፈች፣ ራሷን ችላ ወረደች። ሳቋ አመለጣት። መሬት ስትረግጥ ቀና አለችና ወደ ስንዴው ጠርዝ፣ ወደ ባዶው ቦታ አየች፤ መዳፏን ከፍ አድርጋ ሁለት ጊዜ ወደ ታች ነካ ነካ አደረገችው፤ ተወው፣ እዚያው ሁን፣ ወርጃለሁ፣ እንደ ማለት።